ያላወቅነው እኛ ነን

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በቀደም የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ አልማዝ ደረጃው ላይ ያዘችኝና፣ «እስኪ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ» አለችኝ። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ክፍል ምደባ ሲወጣ ሶሲዮሎጂ ደርሷት ኖሯል። «ይሄ ሶሲዮሎጂ የሚሉት ነገር እንጀራ ይሆናል? ልጅቷ እኮ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

«እኔ በሱ ነው የኖርኩት» አልኳት።

«አንቺማ ሆስፒታል ነው የሠራሽው።»

«ሆስፒታል የሠራሁት በሱ ነው።»

አልማዝ አላመነችኝም። በሆስፒታል ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ ጽዳትና ጥበቃ አለ፤ ሶሲዮሎጂ የተማረ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ሽንኩርቷን በፌስታል አንጠልጥላ መልስ ትጠብቃለች። መልሱ ደግሞ ደረጃ ላይ ተቆሞ የሚያልቅ አይደለም። «ቆይ፣ ጽፌ እሰጥሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

ያደግሁት እዚሁ ጎፋ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጁ ሐኪም ብትሆንለት ደስ ባለው። ሶሲዮሎጂ እንደገባሁ ስነግረው ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች በአፉ አገላበጠው። «ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። «ስለ ሰው አኗኗር» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ የሰው ነገር ነው የምታጠናው» ይል ጀመር። አንድ እሑድ እድር ላይ ይህንኑ ሲናገር አንድ ሽማግሌ፣ «የሰው ነገር ለማወቅማ ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬዳት? ከኔ ሚስት ጋር ብትውል ይበቃት ነበር» ብለው እድርተኛውን አሳቁት። አባቴ ቤት መጥቶ ሲነግረን ራሱም እየሳቀ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ምን እንደምሆንበት አላውቅም ነበር። ደስ የሚለኝ ግን ብዙ ነበር። አንድ መምህራችን ገበያ ወስዶን «ማንንም ምንም አትጠይቁ፤ ቁጭ ብላችሁ እዩ» ብሎን ትቶን ይሄዳል። ከሰዓት ሲመለስ ያየነውን እንድንነግረው ይጠይቀናል። ማን ለማን ቦታ ለቀቀ? ማን ሳይከራከር ገዛ? ጓደኞቼ ይሰለቻሉ፤ እኔ መሽቶ እንኳ መነሳት አልፈልግም። ስለ ዝምድና የተማርነውንም እወደው ነበር፤ የየአገሩ ሰው አጎቱን፣ አማቱን፣ የሚስቱን እኅት ምን ብሎ እንደሚጠራ። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ከመንዝም ከስልጤም ከወላይታም የመጡ ልጆች ነበሩና ትምህርቱ አልጋ ላይ ተኝተን ሁሉ ይቀጥላል።

ስመረቅ በደቡብ በኩል ባለች አነስተኛ ከተማ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተመደብኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው ሪፖርት መውደዳቸው ብቻ ነው። የቱንም ያህል ብጽፍ በእጃቸው መዘን አድርገው «ትንሽ ወፈር ይበል» ይሉኛል። እዚያ ጥቂት ዓመታት ቆየሁ፤ ጆሮዬ የተሳለው እዚያ ነው። ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲናገር ከየት በኩል እንደመጣ ማወቅ ለመድኩ። አባቴ ሲታመም ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩና በክፍለ ከተማችን ባለ አንድ ሆስፒታል «የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ተወዳደርኩ። ደሞዙን አላነሳውም፤ አልማዝ እንዳታዝን።

ክፍላችን ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ነው ጋሽ መስፍንን ያገኘኋቸው። እሳቸውም የተማሩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ ከኔ በብዙ ዓመት ይቀድማሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሱፍ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ብቅ ብሎ፣ «ጋሽ መስፍን፣ አንድ ያልታወቀ መጥቷል» አላቸው።

«እሱ ራሱን ያውቃል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያላወቅነው እኛ ነን።»

ሥራችን በአብዛኛው ይኸው ነበር። መኪና የገጨው፣ መንገድ ላይ የወደቀ፣ ራሱን ስቶ የተገኘ ሰው ይመጣል። መታወቂያ የለውም፤ ወይ መናገር አይችልም፣ ወይ የሚናገረው አይያያዝም። ሐኪሞቹ ነፍሱን ያተርፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን የማን ነው? ወዴት ይሂድ? ያንን የምንፈልገው እኛ ነን። አንድ ጊዜ አዲስ የመጡ ዳይሬክተር ክፍሏን ለዕቃ ማከማቻ ፈልገዋት፣ «ለመሆኑ ይሄ ክፍል ምን ያመርታል?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ መስፍን፣ «አልጋ» አሉ። «አንድ ሰው ቤቱ በገባ ቁጥር አንድ አልጋ እናመርታለን።» ክፍሏ አልተነካችም።

ጋሽ መስፍን ነጭ ጋዋን አይለብሱም ነበር። እኔ አዲስ ለብሼ ስኩራራ አይተው፣ «አውልቂው» አሉኝ። «ጋዋን ያየ ሰው የሚያመውን ነው የሚነግርሽ። እኛ የምንፈልገው ቤቱን ነው።» ሕመምተኛ ፊት ቆመው አይናገሩም፤ ወንበር ስበው ከአልጋው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ስም አይጠይቁም። «ስም የሚጠይቅ ፖሊስ ነው» ይላሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል፣ ጠዋት ምን መብላት እንደሚወድ እያነሱ ይጥላሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ረጅም ነው። እኔ ሳልችል ቀርቼ አፌን ስከፍት በእግራቸው ጫማዬን ይነኩኛል።

ምላጭና ሳሙና ከኪሳቸው አይጠፋም። ወንድ ሕመምተኛ ሲመጣ ራሳቸው ይላጩታል። «ሰው ሲታመም ፊቱ ይጠፋል፤ የገዛ ወንድሙ አይቶት ያልፋል» ይላሉ። ጢሙን በውኃ አርሰው፣ አገጩን በሁለት ጣት ቀና አድርገው፣ ልጃቸውን ለሠርግ የሚያሰናዱ ይመስል ቀስ ብለው ይላጫሉ።

አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። መኪና ገጭቷት ራሷን ስታ ነበር፤ ስትነቃ ማን እንደሆነች አታውቅም። ቀኑን ሙሉ አንሶላዋን ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ነርሶቹ «አእምሮዋ ነው» አሉ። ጋሽ መስፍን ወንበራቸውን ስበው ሲያዩአት ቆዩና፣ «አስቴር፣ እጇን እዪ» አሉኝ። ሴትየዋ አንሶላውን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየለካች ነበር የምታጥፈው። «ይቺ ሴት ጨርቅ ትሸጣለች» አሉ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያሉትን የጨርቅ ሱቆች እየዞርን ስንጠይቅ የባሏን እኅት አገኘናት። እሷ ከባንኮኒው በስተኋላ ታለቅሳለች፤ እኔም ሳልጠየቅ አብሬ አለቀስኩ። ሥራዬን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አላለቀም።

የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰው እየገባበት በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ወድቀው ተገኝተው መጡ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። ነጭ ጋቢያቸው ንጹሕ ነው፤ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ ያስታውቃል። «አባባ» እያልን እንጠራቸው ጀመር። ከሚሉት ሁሉ ጥርት ብሎ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«በሩ ጠፋኝ።»

ጋሽ መስፍን ፈቃድ ላይ ነበሩ። ወንበር ስቤ ከአልጋቸው ሥር ተቀመጥኩ። ምላሳቸው ቢተሳሰርም የሚወረውሩት ቁርጥራጭ ቃል የመንዝ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አነጋገር ራሱ ነው። ደስ አለኝ። ባወቅሁት መጠን ተጣደፍኩ። ስልክ አንሥቼ በዚያ በኩል ያሉትን ወረዳዎች፣ የፖሊስ ጣቢያዎች፣ በሰው በሰው ደግሞ የአጥቢያ ቄሶችን ሳይቀር ማፈላለግ ያዝኩ። ስልክ ይቋረጣል፤ ደግሞ እደውላለሁ። ከመንዝ መልስ እስኪመጣ አባባ እጄን ይይዙና «በሩ ጠፋኝ» ይሉኛል። «ይገኛል፣ አባባ» እላቸዋለሁ። አንዷ ነርስ፣ «ንስሐ ፈልገው ይሆናል፤ የገነትን በር ማለታቸው ነው» አለች። እውነት መሰለንና ቄስ አስመጣን። ቄሱ ጸለዩላቸው፤ አባባም በደኅናው እጃቸው መስቀሉን ይዘው ተሳለሙ። ቄሱ ሲወጡ ግን አባባ መልሰው ያንኑ አሉ።

ከቀናት በኋላ ከመንዝ ተደወለ። አንድ ቄስ ነበሩ። «እንዳልሽው ያሉ ሽማግሌ የኛ አጥቢያ ሰው ናቸው፤ አቶ ተክሌ ይባላሉ» አሉኝ። «ልጃቸው ትርንጎ አባቴ ጠፉ ብላ እዚህ መጥታ እየፈለገች ነው። አሁን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ እልካታለሁ።»

ሮጬ ሄጄ «አባባ፣ ትርንጎ እየመጣች ነው» አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። የሰሙኝ ይመስለኛል። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ዐረፉ። ትርንጎ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነው።

እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም። የማስታውሰው ካለቀሰች በኋላ የጠየቀችኝን ነው። «ምንም አላሉም?»

«በሩ ጠፋኝ ይሉ ነበር» አልኳት።

እጇ ነጠላዋ ላይ ቀረ። «በሩ ጠፋኝ?» አለች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ጋ እኮ ነው የነበሩት። እዚህ ጀሞ። ለዓይናቸው ሕክምና ካመጣኋቸው ገና ብዙም አልቆዩ። እኔ ሥራ ስሄድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብለው ወጡ። ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ደረጃው ሁሉ አንድ ዓይነት፤ ቁጥር እንዳያዩ ዓይናቸው ደክሟል። ፖሊስ ጣቢያውንም ትልልቆቹን ሆስፒታሎችም አዳረስኩ፤ ይሄንን ግን አላሰብኩትም። ሳጣቸው አገሬ ብለው ገብተው ይሆናል ብዬ ሄድኩ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ከኔ ቤት እዚህ በእግር ይመጣል እኮ።»

አልተናገረችኝም፤ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው ምሳሌ አልተናገሩም፤ ስለ ገነትም አላሰቡም። የጠፋባቸውን በትክክል ነበር የነገሩኝ። እኔ አነጋገራቸውን ስሰማ ንግግራቸውን አልሰማሁም።

ጋሽ መስፍን ከፈቃድ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አይዞሽ» አላሉኝም፤ «ያጋጥማል» አላሉኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ለቅሶው የት ነው?» አሉ። ተያይዘን ጀሞ ሄድን።

ድንኳኑ ብሎኮቹ መካከል ተጥሏል። እኛም ብሎኩን አጥተን ሁለቴ ዞርን። ውስጥ የተቀመጠው ሰው አብዛኛው በዚያ ሰሞን የገባ ነው፤ እርስ በርሱ አይተዋወቅም፤ ለቅሶ ደራሹ ማን ጎን እንደሚቀመጥ አያውቅም። ምድር ቤት ሱቅ የከፈተች አንዲት ወጣት ሴት ከጋሽ መስፍን አጠገብ ነበረች። «እኔ አይቻቸዋለሁ» አለች ድንገት። «የዚያን ዕለት ሱቄ በር ላይ መጥተው የትርንጎ ቤት የት ነው? አሉኝ። ትርንጎን ማን እንደሆነች አላውቃትም። እዚያ ማዶ ይሞክሩ አልኳቸው።» አንድ ጎልማሳ ሰው ደግሞ፣ «እኔም ደረጃችን ላይ አግኝቻቸው ነበር። የማን አባት እንደሆኑ አላወቅሁም» አሉ።

ጋሽ መስፍን ያንን ረጅም ዝምታቸውን ከሰዉ ጋር ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እንግዲህ አሁን ትርንጎን አወቃችኋት» አሉ። «እሷም እናንተን ትወቃችሁ። እስኪ ከዚህ ጥግ ጀምራችሁ ስማችሁን ንገሯት።» እሳቸው ስም ሲጠይቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዉ በየተራ እየተነሣ ስሙንና የቤቱን ቁጥር ተናገረ። ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ለእያንዳንዱ አንገቷን ዝቅ ታደርግ ነበር። የዚያ ብሎክ እድር የተቋቋመው በዚያው ሳምንት ነው። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ መግቢያቸውን ሰማያዊ ቀለም ቀብተውት አየሁ፤ ማዶ ያለውም አረንጓዴ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ አሠራሬ ተለወጠ። አነጋገሩ ከየትም ይሁን፣ አንድ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ከተገኘበት ቦታ ተነሥቼ በእግሬ እዞራለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የመስጊዱ በር፣ ሱቁ፣ ጥበቃው፣ የታክሲው ተራ። ጋሽ መስፍን ጡረታ ሲወጡ ክፍሏን ለኔ ለቀቁልኝ። አሁን አርጅተዋል፤ ስደውልላቸው ከሰላምታ በፊት «አሁን ዝም ያለ አልጋ አለ?» ይሉኛል፤ ያልታወቀ ሕመምተኛ ማለታቸው ነው። ጡረታ መውጣቴን ደጋግሜ ብነግራቸውም ይረሱታል።

የመጨረሻው ዝም ያለ አልጋ የአንድ ወጣት ነበር። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ሀይሌ ጋርመንት አደባባዩ አካባቢ መኪና ገጭቶት መጣ። ጭንቅላቱ ተጎድቷል፤ ዓይኑን ይገልጣል እንጂ አይናገርም፤ ሲጠሩት ፊቱን አያዞርም። ባልደረቦቼ «ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው» አሉኝ። አልፈለግሁም። ሰው በፋሻ ተጠቅልሎ የተነሳው ፎቶ እሱ ድኖ ከሄደ በኋላም ሲዞር ይኖራል። የወንዶች ክፍል ነርሱን ጢሙን እንዲላጭልኝ ለምኜ፣ ፊቱን ደኅና አድርጌ አይቼ ወጣሁ።

ታክሲ ተራው ላይ ሁለት ረዳቶች ይጯጯኻሉ። አንዱ ተራ አስከባሪ መቆሜን አይቶ፣ «ማዘር፣ የት ነሽ? ጀሞ ነው?» አለኝ።

«የትም አልሄድም፤ ሰው ጠፍቶኝ ነው» አልኩት። «ጠይም ልጅ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ቅንድቡ ላይ የድሮ ጠባሳ ያለበት።»

ልጁ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «ካልሲ የሚሸጠው? ሸምሱ ነዋ! ምን ሆነ? እኛ እኮ አገሩ ገብቷል ብለን ነው ዝም ያልነው!» ወዲያው ዞሮ ተጣራ። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረውት የሚኖሩት ልጆች እዚያው ማዶ ቆመው ልብስ ይሸጡ ነበር። ሸቀጣቸውን በያዙት ሸራ ጠቅልለው ተከተሉኝ። ክፍሉ ሲደርሱ የስፖርት ወሬ አመጡ፣ ቀለዱ፣ ስሙን ጠሩ። ሸምሱ ጣራውን ያያል። ሲወጡ አንዱ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስልጤ ላሉት ለሸምሱ እናት ደወለ።

እናቱ በማግስቱ ከሰዓት በጥየቃ ሰዓት ደረሱ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ በእጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ምግብ ይዘዋል። አማርኛቸው ትንሽ ነው። «እናቴ፣ ይምጡ፤ ያ መስኮቱ ጋ ያለው ነው» ብዬ ወደ መጨረሻው አልጋ አመለከትኳቸው። አዩ። ልጃቸውን ከበሩ ላይ አዩት። ሮጠው ይሄዳሉ ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

አልሮጡም። በሩ አጠገብ ወዳለው የመጀመሪያ አልጋ ዞሩ። እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ ነበር የተኛበት። ቋጠሯቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ጎንበስ አሉና፣ «አላህ ያሽርህ» አሉት። «አሜን፣ እናቴ» አለ። ወደ ሁለተኛው አለፉ። «አላህ ያሽርህ።» ወደ ሦስተኛው። የሰው ሕመምተኛ ረግጦ ወደ ራስ ሕመምተኛ አይኬድም። ከኋላቸው ሆኜ አያለሁ፤ አንድም አልጋ አልዘለሉም፤ እንቅልፍ የወሰደውንም ቀስ ብለው ዳስሰው አለፉ።

መካከል ሲደርሱ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሸምሱ አንገቱን እያዞረ ነበር። ድምፅ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይዞራል። ከጎኑ ያለው አልጋ ዘንድ ሲደርሱ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ እናቱ ሆኗል፤ እጁም ከብርድ ልብሱ ወጥቶ በአየር ላይ ይጠብቃቸዋል።

እናትየው እጁን አዩት። ከጎኑ በተኛው ሰው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ነበሩ። ዓይናቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ምርቃታቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱ፤ ሰውየው «አሜን» እስኪል ጠበቁ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ተሻገሩ።